የጋሽ ተሰማ ፒያኖ ሳንባ

ሰው ሁሉ ከአፉ አልወጣ የሚለው አንድ ቃል አለው። አንዱን «ይቅርታ» ማለት ይተናነቀዋል፤ ሌላው «አመሰግናለሁ» በል ሲባል ጥርሱን ሊነቅሉት የመጡ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ «አላውቅም» ማለት አልችልም። በቃ አልችልም! አንድ ጊዜ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ አንድ ቄስ አንድ ቤተ ክርስቲያን ወዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ስሙን ሰምቼው አላውቅም። ግን «በዚህ ቀጥ ይበሉ አባቴ፣ ከዚያ ወደ ግራ» ብዬ ሸኘኋቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እስከ ዛሬ እየሄዱ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ይኸው አመሌ ነው እንግዲህ ትዳሬን ገና ሳላገባ ሊያፈርስብኝ የነበረው።

የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ጥገና ክፍል ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ሰዎች ነን፣ አንደኛው ሁልጊዜ ፈቃድ ላይ ነው። ዋናው ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን መጠገን ነው። የምጠግነውም በግራ ጎኑ በመዳፌ ጥፊ እያልኩ ነው። በቀኝ ከተመታ አይሠራም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ መሥሪያ ቤቱ እንደ መሐንዲስ ያየኛል።

ትዕግሥትን ያወቅኳት በዚሁ ማሽን ሰበብ ነው። መዝገብ ቤት ትሠራለች። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ትጠራኛለች፣ መታ አድርጌላት እመለሳለሁ። ቆይቶ ማሽኑ ሳይቆምም ትጠራኝ ጀመር። እንዲህ እንዲህ ስንል ሁለት ዓመት ሞላንና አንድ ቀን «ና ቤተሰቦቼን ተዋወቅ» አለችኝ።

ቤታቸው ካዛንቺስ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ። ሳሎን ስገባ ግማሹን ቤት የያዘ፣ በነጭ ዳንቴል የተሸፈነ፣ በላዩ የቤተሰብ ፎቶ የተደረደረበት አንድ ግዙፍ ዕቃ አየሁ። ቡፌ ነው ብዬ አለፍኩት።

አባቷ ጋሽ ተሰማ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሰው ሲያዩ ዕቃ እንደሚረከብ ሰው ከላይ እስከ ታች የሚፈትሹ አዛውንት ናቸው። እናቷ እትዬ የሺ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ፣ ሁሉንም የሚያዩ ግን ምንም የማይናገሩ ሴት ናቸው።

«ምን ትሠራለህ ልጄ?» አሉኝ ጋሽ ተሰማ።

«ጥገና ክፍል ነኝ።»

«ምን ምን ትጠግናለህ?»

እዚህ ላይ «ፎቶ ኮፒ» ብዬ ብሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወጋኋችሁ። ምላሴ ግን እኔን አማክሮ አያውቅም።

«ሁሉንም!» አልኩ።

ትዕግሥት በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

«ሁሉንም?»

«ማለቴ… አዎ። ሁሉንም።»

ጋሽ ተሰማ ብድግ ብለው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አነሱና ዳንቴሉን ገለጡት። ቡፌ ያልኩት ፒያኖ ሆኖ ተገኘ። እሱም ቢሆን ተራ ፒያኖ አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ የወረቀት ጥቅልል የሚጎርስ፣ ሰው ሳይነካው ራሱ የሚጫወት ፒያኖ!

በወጣትነታቸው አንድ ግሪክ የከፈተው ቡና ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር። ግሪኩ አገር ለቆ ሲሄድ «እንዳንተ የሚያፀዳው የለም» ብሎ ለእሳቸው ሰጣቸው። አብሮት አንድ ካርቶን ሙሉ የዘፈን ጥቅልል ነበር፤ አይጥ ከአንዱ በስተቀር ሁሉንም በላው። በዚያች በቀረችው አንድ ጥቅልል ጋሽ ተሰማ በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ ምሳ ሰዓት ሲያዘፍኑ ስምንት ዓመት ኖሩ። አንድ እሑድ ግን ፒያኖው ጭጭ አለ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቱ።

«የሚጫወተው ትንፋሽ ነው» አሉኝ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። «እነዚህን ሁለት ፔዳሎች ስትረግጥ ትልቁ ሳንባ አየር ይስባል። ልብ በል፣ ይስባል እንጂ አይነፋም! ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ አለ፤ የወረቀቱ ቀዳዳ ከሥሩ ካለው የነሐስ ዘንግ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም አየር ሹልክ ብሎ በቱቦ ይወርዳል፣ እታች ያለችው ትንሽ ወናፍ ጭምድድ ትላለች፣ መዶሻውን ትጎትታለች፣ ኳ! ሰማንያ ስምንት ቱቦ፣ ሰማንያ ስምንት ወናፍ።»

«ሳንባው አርጅቷል» አሉ እትዬ የሺ፣ ዳንቴሉን መልሰው እየሸፈኑ። «እርጅና ነው፤ ምን ይደረግ።»

ዳንቴሉን የሸፈኑበትን ፍጥነት ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን አፌን ከፍቼ ነበር።

«ይሄማ ቀላል ነው!» አልኩ።

በወሩ ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከፊት የክፍላችን ኃላፊ አቶ መኩሪያ። አቶ መኩሪያ ለሽምግልና ብቻ የሚለብሱት ኮት አላቸው፤ ኮቱን ለብሰው ሄደው እምቢ ተብለው አያውቁም። እንደ ደንቡ በር ላይ ቆሙ፤ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ከዚህ በኋላ የደንቡ መልስ «ከዘመድ እንመክራለን፣ በዚህ ቀን ተመለሱ» ነው። ጋሽ ተሰማም ተመለሱ አሉ። ግን አንድ ነገር ጨመሩበት።

«ልጁ ሁሉንም እጠግናለሁ ብሎኛል። ፒያኖዬን ያናግርልኝ። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ትመጣላችሁ፤ ከዘፈነ ልጄን እሰጣለሁ። ካልዘፈነ፣ ለአንድ ፒያኖ የዋሸ ሰው ለልጄም ይዋሻል።»

አቶ መኩሪያ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ጠርተው አፈጠጡብኝ።

«ስንት ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ! ዘሩ ማነው ተብያለሁ፣ ሃይማኖቱ ምንድነው ተብያለሁ፣ ይጠጣል ወይ ተብያለሁ። ፒያኖ ያናግራል ወይ ያለኝ አባት ግን አልገጠመኝም! በል አሁን፣ ትችላለህ አትችልም?»

አያችሁ? እግዜር ራሱ ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ። «አላውቅም፣ ነክቼውም አላውቅ» ብል አቶ መኩሪያ አንድ መላ ይፈልጉልኝ ነበር።

«የሁለት ሰዓት ሥራ ነው» አልኳቸው።

ቅዳሜ በጠዋት መፍቻዬን ይዤ ደረስኩ። ጋሽ ተሰማ ወንበር ስበው ከኋላዬ ተቀመጡ። ፊት ለፊት ያለውን ሳንቃ ሳነሳ ከውስጥ የወጣውን አቧራ አትጠይቁኝ። ከአቧራው ጋር ሁለት ማንኪያ፣ አንድ የልጅ ጫማ፣ የአይጥ ጎጆ፣ አራት የደረቀ ሎሚና አንድ የትምህርት ቤት ካርድ አገኘሁ። ካርዱ የትዕግሥት የአራተኛ ክፍል ነው። ለካስ አባቷ እንዳያዩት እዚያ ደብቃው ኖሯል! ስንተኛ እንደወጣች አንብቤያለሁ፤ ለትዳሬ ስል ግን አልናገርም። ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ ቱቦዎቹን መንቀል ጀመርኩ። ሞኝ እንዳልመስላችሁ፣ አንድ ብልህ ነገር አድርጌያለሁ፤ በእያንዳንዷ ቱቦ ላይ ፕላስተር እየለጠፍኩ በእስክሪብቶ ከአንድ እስከ ሰማንያ ስምንት ቁጥር ጻፍኩባት። ጋሽ ተሰማ ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተደስተዋል። እኔም በራሴ ኮራሁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የፒያኖው ሆድ ዕቃ በሙሉ ሳሎኑ ወለል ላይ ተዘርግቶ ነበር። ያኔ ነው ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ጨርሶ እንደማላውቅ የተገለጠልኝ።

«አየር ነው የሚያፈሰው» አልኩ ለጊዜ መግዣ ያህል።

አየር ሲባል በካዛንቺስ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ጎሚስታው ዘሪሁን። ከግቢያቸው ጥግ ላይ ጎማ የሚለጥፍ፣ ጢሙን የሚንከባከብ፣ ከእኔ የባሰ «አላውቅም» የማይወጣው ጎልማሳ። የኔ ብጤ መሆኑን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ በአጠገቡም አላልፍም ነበር።

«አየር ነው ያልከኝ?» አለ፣ እጁን በቱታው እየጠረገ። «በቃ አለቀ! አየር የኔ ዲፓርትመንት ነው።»

መጣና ወለሉን ቃኘ። «ይሄ ሁሉ የአንድ መኪና ነው?» አለ። ከዚያ ትልቅ ሳፋ ውኃ አስመጣና ሳሙና በጠበጠበት። የጎሚስታ ሕግ አንድ ነው፤ ቀዳዳ ያለው ነገር ውኃ ውስጥ ሲገባ አረፋ ያወጣል። እኔ «ቆይ ዘሪሁን፣ ፕላስተሩ…» ስል ሰማንያ ስምንቱንም ቱቦዎች በአንድ እቅፍ ሳፋው ውስጥ ከተታቸው።

ቁጥሮቼ አንድ በአንድ ከቱቦዎቹ ላይ ተላቅቀው ሳሙናው ላይ ተንሳፈፉ። እስክሪብቶው ለቆ ውኃው ሰማያዊ ሆነ። ጋሽ ተሰማ ሳፋውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወንበራቸውን ከሳፋው ፈንጠር አደረጉ።

ለእውነት መመስከር ካለብኝ ዘሪሁን ትልቁ ሳንባ ላይ ሦስት ቀዳዳ አግኝቷል። በውስጥ ጎማ ቁራጭና በማስቲሽ ለጥፎ እንደ አዲስ አደረገው። እዚያ ላይ ቢያቆም ዛሬ ሐውልት ባቆምኩለት። ግን አላቆመም። ቀሪውን አቧራ ላራግፍ ብሎ ባለ ጎማውን ኮምፕሬሰር እየገፋ ግቢ አስገባው፣ የፒያኖውንም ውስጠኛ ክፍል ለሁለት ተሸክመን ደጅ አወጣነው።

«ዘሪሁን፣ ይሄ ዕቃ ይስባል እንጂ አይነፋም ብለውኛል» አልኩት።

«ብራዘር፣ አየር አየር ነው» አለና ከፈተው።

ለካስ እትዬ የሺ ግቢው ውስጥ በርበሬ አስጥተዋል።

ምን ልበላችሁ? የሃያ ሁለት ዓመት አቧራ ከዘንድሮ በርበሬ ጋር ተቀላቅሎ ተነሳ። ሰማዩ ቀላ። ጋሽ ተሰማ ማስነጠስ ጀመሩ፤ አሥራ ስምንት ስቆጥር የኔው ተራ ደርሶ ተውኩት። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ልትሳደብ አፏን ስትከፍት አስነጠሳት። ዘሪሁን ዓይኑ ተጨፍኖ ኮምፕሬሰሩን የሚያጠፋበትን ቁልፍ እየዳበሰ የፒያኖውን ሆድ ዕቃ ያቅፋል። እትዬ የሺ በጆግ ውኃ ይዘው ወጡና ዓይኔን አጠቡልኝ።

«ተው አልኩህ ልጄ» አሉኝ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው። «እርጅና ነው። ምን ታደርገዋለህ?»

እንዴት ያሉ ደግ ሴት ናቸው አልኩ በልቤ።

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ መልስ ካዛንቺስ ነበርኩ። ቁጥር የሌላትን ቱቦ ቦታዋን የሚያገኙበት ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ ጫፏን በአፍ ይዞ መሳብ። ስስብ የትኛዋ መዶሻ ኳ እንዳለች አያለሁ፣ ከዚያ ቦታዋን አውቃለሁ። አንዷን ለማግኘት አንዳንዴ ሃያ ጊዜ እስባለሁ። በአምስተኛው ቀን ከንፈሬ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ያዝንልኝ ጀመር። አቶ መኩሪያ «ምን በልተህ ነው?» አሉኝ። «ፒያኖ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ቀና ብለው አላዩኝም።

ትዕግሥት አንድ ቀን ደጃፍ ድረስ ሸኝታኝ እጄን ያዘች። «ለምን አልችልም አትለውም? አባዬ ይቆጣል፣ ከዚያ ይረሳዋል።»

«አይረሳም። ሰምተሽው የለም? ለልጄም ይዋሻል ነው ያለው።»

«እና ባይሠራስ?»

ዓይኗ እንባ ሲያቀርር አየሁ፤ ፈራሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩ ሁሉ የሚያስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ታክሲ ይዤ እስክሄድ ድረስ ራሴን ስረግም ነበር።

የቀጠሮው እሑድ ነገ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቱቦ ቦታው ገብቷል፤ ወናፉ ሁሉ ደህና ነው፤ ሳንባው ተለጥፏል። ጋሽ ተሰማ ዕድር ስብሰባ ሄደዋል። ፔዳሉን ረገጥኩ። ሳንባው ይስባል፤ ፔዳሉ ይከብዳል፤ ላይ ግን ምንም የለም። ጭጭ! ሳንባውም ደህና፣ ወናፉም ደህና ከሆነ መሐላቸው ምን አለ? መሐላቸው አንድ ክንድ የሚያክል ወፍራም ቱቦ አለ። ያንን አልነካሁትም ነበር፤ ለምን ብትሉ፣ ከሁሉም ጤነኛ የሚመስለው እሱ ነበራ!

ወለሉ ላይ ተንጋለልኩና ፈታሁት። እጄን ሰደድኩ። ጣቴ ለስላሳ ነገር ነካ። ስስበው ይመጣል፣ ይመጣል፣ አያልቅም። አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የነጠላ ቁራጭ፤ ጥለቱ አረንጓዴ ነው።

ይህን ጥለት አውቀዋለሁ። ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ እትዬ የሺ ትዕግሥትን አቅፈው የለበሱት ነጠላ ነው።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆመዋል።

«አገኘኸው?» አሉ።

«እትዬ…»

ገብተው በሩን ዘጉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ስምንት ዓመት ልጄ። አንድ ዘፈን። ሌላው ጥቅልል አልቋል፤ እሱ ግን አይታክተውም። ያቺኑ ዘፈን፣ ከቅዳሴ መልስ እስከ ምሳ! በሷው ላይ ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ። ሽንኩርት ስከትፍ እጄ በሷ ልክ መክተፍ ጀመረ። ኪዳነ ምሕረት ፊት ቆሜ በልቤ የምትመጣው እሷ ሆነች! ያኔ ነው ጨርቁን ያነሳሁት።»

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«እንዴት ብዬ? ሲያዘፍን ፊቱን አላየህ። ልጅ ነው የሚሆነው። ያንን ፊት እያየሁ በቃህ ልበለው?»

ጨርቁን እጄ ላይ ይዤ ቀረሁ። አስቡት እንግዲህ። ካልዘፈነ አባት ልጃቸውን አይሰጡም። ከዘፈነ ደግሞ እናት ዕድሜ ልካቸውን እሑድ በመጣ ቁጥር እኔን ይረግማሉ። ምስጢሩን ባወጣ ሁለቱን አጣላለሁ። ሁሉንም እጠግናለሁ ያልኩት ሰውዬ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ታዲያ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብልህ ነገር አደረግኩ፤ ጨርቁን አጣጥፌ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«እኔ አላየሁም» አልኳቸው። «ቱቦው እንደተከፈተ ነው፤ እርስዎ እንዳሻዎ ያድርጉና ይግጠሙት። የሚገጥመው ብሎን አንድ ነው፤ በእጅ ይጠብቃል።» ወጥቼ ሄድኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ መኩሪያ ኮታቸውን ለብሰዋል። እኔ እንደ ደንቡ መገኘት አልነበረብኝም፤ ግን ጠጋኝ ነኝና ተጠራሁ። ሽማግሌዎቹ ቆሙ። ጋሽ ተሰማ ከረባት አድርገዋል። ጥቅልሏን በሁለት እጃቸው ይዘው ገጠሟት፣ ተቀመጡ፣ ፔዳሉን ረገጡ።

ሽሽሽ… ሽሽሽ…

ምንም።

ወደ እትዬ የሺ አየሁ። ጣሪያ ያያሉ። ወደ ትዕግሥት አየሁ፤ ከጓዳው በር ተደግፋ ከንፈሯን ነክሳለች። ጋሽ ተሰማ መርገጣቸውን አላቆሙም። ሽሽሽ… ሽሽሽ… አቶ መኩሪያ ኮታቸውን ይቆልፉ ጀመር። እትዬ የሺ ዓይናቸውን ከጣሪያው አወረዱና ልጃቸው ላይ አሳረፉት። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወርዷል።

«እስቲ ዞር በሉ» አሉና ተነሱ። «ይሄ ዕቃ ዛሬም አቧራ ይዞት ይሆናል።»

ጎንበስ ብለው ከፒያኖው ሥር እጃቸውን ሰደዱ። ቆዩ። ሲነሱ ቀኝ እጃቸው ተጨብጦ ከነጠላቸው ሥር ነበር።

ከዚያ ፒያኖው ዘፈነ!

እናንተዬ፣ ቁልፎቹ ራሳቸው ዝቅ ከፍ ይላሉ፤ ቤቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ታራ ራም፣ ታራ ራም፣ ታራ ሪ ራም! ሁለት ቱቦ አቀያይሬ ኖሮ መሐሉ ላይ አንዲት ድምፅ ያለቦታዋ ጢን ትላለች፤ ማንም ግድ አልሰጠው። አቶ መኩሪያ ደንቡን ረስተው ሳይፈቀድላቸው ቁጭ አሉ። ትዕግሥት ታለቅሳለች፤ እኔም አለቅሳለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም። ጋሽ ተሰማ ግን ፒያኖውን አያዩም። እትዬ የሺን ነበር የሚያዩት። እኔ ሲኮሩ ነው ብዬ አለፍኩት።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጋሽ ተሰማ ተነሱ። «ልጄን ሰጥቻለሁ!»

ሽማግሌዎቹ ከመመረቃቸው በፊት እትዬ የሺ ቀደሙ። «ፒያኖውንም ጨምርላቸው እንጂ ተሰማ! የኛ ልጅ ባዶ እጇን ትውጣ?»

እልልታው ቀለጠ። በሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ተመልሶ አይታጠፍም። እኔ በደስታ ራሴን ስቼ ስለነበር ምን እንደተደረገብኝ የገባኝ ከሠርጉ በኋላ ነው፤ ፒያኖውን ስምንት ሰው ተሸክሞ ጎተራ ሰፈር፣ የተከራየናት ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ሲያወጣው። ዘሪሁን ደረጃው ላይ ሆኖ «ይሄ ነገር ጎማ ቢኖረው!» እያለ ያዛል። በመጨረሻም እትዬ የሺ ጉንጬን ሳሙኝና አንድ ፖስታ በእጄ አስያዙኝ። ከፈትኩት። አረንጓዴ ጥለት ያላት የነጠላ ቁራጭ፣ ታጥባ፣ ተተኩሳ፣ ታጥፋ።

«ያስፈልግሃል ልጄ» አሉኝ።

ጋሽ ተሰማ ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ በሁለት ታክሲ እየመጡ ነው። ከቅዳሴ መልስ ይደርሳሉ፣ ኮታቸውን ይሰቅላሉ፣ ይቀመጣሉ። ታራ ራም፣ ታራ ራም፣ ታራ ሪ ራም፣ ጢን። እስከ ምሳ። በሁለተኛው ወር ላይ ከታች ያሉት ጎረቤት ሰላምታ ነሱን። በሦስተኛው ወር ጥርሴን ስቦርሽ በዘፈኗ ልክ መሆኑን ደረስኩበት። በአራተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ትዕግሥት ያቺን ፖስታ ፒያኖው ላይ አስቀመጠችና ገበያ ወጣች። የቀረውን እኔ አደረግኩት።

በማግስቱ ጋሼ መጡ። ተቀመጡ። ረገጡ።

ሽሽሽ… ሽሽሽ…

ሳይዞሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጨርቋን አንተ ጋ ነው ያስቀመጠቻት?» አሉኝ።

«የምን ጨርቅ? እኔ አላውቅም» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አላውቅም» አልኩ፤ እሱም ውሸት ሆነ።

«አረንጓዴ ጥለት ያላት» አሉ። «በተወተፈች በሳምንቷ ነው ያገኘኋት። ሠላሳ ዓመት ንብረት ክፍል የሠራሁ ሰው በገዛ ቤቴ አንድ ጨርቅ ይሰወረኛል?»

«ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አላወጧትም?»

«ስምንት ዓመት ቻለችኝ። አንድ ቀን አፏን ከፍታ በቃህ አላለችኝም። አውጥቼ ላሳፍራት?» እግራቸው ፔዳሉን ቀስ እያለ ይረግጣል። «ግን ይናፍቀኝ ነበር። አንድ ቀን በገዛ እጇ ብታወጣልኝ እያልኩ እመኝ ነበር። አንተ ሁሉንም እጠግናለሁ ብለህ ስትመጣ፣ ለልጇ ስትል ታወጣት ይሆናል አልኩ። አወጣችልኝ።»

ያኔ ነው የዚያ እሑድ አስተያየታቸው የገባኝ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ታዲያ ሰማንያ ስምንት ቱቦ በአፌ ስስብ…»

«እኔ ፍታ አልኩህ? ሁሉንም አውቃለሁ ያልከው አንተ!» ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

ትዕግሥት ከማድ ቤት ብቅ አለች። ፎጣ ይዛ፣ በሩን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ አድርጋ፤ እናቷን ቁርጥ። «አባዬ፣ ምነው ዛሬ አይዘፍንም እንዴ?»

ጋሽ ተሰማ እኔን አዩ፤ እሷን አዩ።

«እርጅና ነው የኔ ልጅ» አሉ። «ሳንባው ነው፤ ምን ይደረግ።»

እግራቸው መርገጡን አላቆመም። ዘፈኗንም በአፋቸው፣ ቀስ ብለው፣ ከማድ ቤት በማይሰማ ድምፅ ያንጎራጉሯት ጀመር። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ዜማው ያቺ ቦታ ሲደርስ ጢን እላለሁ።